ሦስት ሰዓት ሲሆን፦ በሥራ ቀን መካከል የእግዚአብሔርን ፍቅር የማስተዋል መመሪያ

ታናሽ እህቴ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። በሳዑዲ ዓረቢያ በይፋ የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ቅዳሴ የምትሰማው በስልኳ ነው፣ እሱም ኤርፎን ሰክታ ሳህን እያጠበች። በሄደች በአራተኛው ወር በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እቴቴ፣ እግዜር እዚህ የት እንዳለ ጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ነው። ማታ ጋደም ስል አቡነ ዘበሰማያትን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

የምመልስላት ቶሎ አልመጣልኝም። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት በድምፅ ማጉያ መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል። እንደዚያም ሆኖ የእኔ ቀን ከእሷ ቀን ብዙ አይለይም ነበር። እሑድ አስቀድሳለሁ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ግን የማን እንደሆነ እንጃ።

ከታች ያለው ሁለታችን ከዚያ ወዲህ የሞከርነው፣ የተውነውና የያዝነው ነው። መምህር አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የማውቀውም ከሰንበት ትምህርት ቤት ያገኘሁትን ነው። የምጽፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ነው። የሌላ ቤተ እምነት ሰው ከሆናችሁ ጸሎቱን በራሳችሁ ጸሎት ተኩታችሁ ሰዓቱን ውሰዱት፤ ሰዓቱ የሁላችንም ነው።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን እዩ

ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ይላል (መዝ 118፥164)። ቤተ ክርስቲያን ይህን ይዛ ቀኑን በሰባት ከፍላዋለች፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት፣ ቀትር (ስድስት ሰዓት)፣ ተሰዓት፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (መኝታ)፣ መንፈቀ ሌሊት። ስማቸው ግእዝ ስለሆነ የገዳም ሰው ጉዳይ ይመስላሉ። ግን ሠለስት ሦስት ሰዓት ነው፣ ተሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት። በቃ።

እዚህ ላይ እኛ የታደልነው ነገር አለ፤ ልብ ብለን አናውቅም እንጂ። ብዙው ዓለም መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ «ሦስተኛ ሰዓት» የሚለውን ወደ ራሱ ሰዓት ማዞር አለበት። እኛ ማዞር አያስፈልገንም። በዓለ ሃምሳ ዕለት ሰዎች ሐዋርያትን «ሰክረዋል» ብለው ሲያሟቸው ጴጥሮስ «ገና ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ነው የመለሰው (ሐዋ 2፥15)። ያ ሰዓት እኔ ቢሮ ገብቼ የመጀመሪያውን ሻይ የማዝበት ሰዓት ነው። ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ጨለማ የሆነው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው (ማቴ 27፥45)፤ ምሳ ወጥተን ተመልሰን ዐይናችን የሚከብድበት ጊዜ። ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓትና የወንጌሉ ሰዓት አንድ ነው። የእህቴና የእኔም እንደዚሁ፤ ሪያድና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት የላቸውም። ዘጠኝ ሲሆን እሷም ጋ ዘጠኝ ነው።

አንድ፦ ለሦስት ቀን ምንም አትጨምሩ፣ መቆሚያችሁን ብቻ ጻፉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ልቡ ሲነካ ያን ለት ማታ ሰባቱንም ሰዓት ስልኩ ላይ ይሞላል። እኔም ሞልቼ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን ስብሰባ ላይ ሲጮህብኝ ሁሉንም አጠፋሁት።

አሁን የምመክረው ሌላ ነው። ትንሽ ወረቀት ያዙና ቀናችሁ በራሱ ጊዜ የት የት እንደሚቆም ጻፉ። ማንኛውም ቀን ይቆማል። የእኔ ዝርዝር ይህን ይመስል ነበር፦ ጠዋት ውሃ እስኪፈላ፤ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ እስኪመጣ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ (ይህ ብዙ ነው)፤ ከምሳ በኋላ ደረጃው ላይ፤ ማታ ወጡ እስኪበስል። የእህቴ ደግሞ፦ ካውያው እስኪግል፤ የልብስ ማጠቢያው ሊጨርስ ሲል፤ ሊፍት ውስጥ፤ የሕፃኑ ጡጦ እስኪሞቅ።

በአራተኛው ቀን ዝርዝሩን ከሰባቱ ሰዓቶች ጎን አስቀምጡትና የሚቀራረቡትን እዩ። ከእነሱ ሁለት ብቻ ምረጡ። የንስሐ አባት ካላችሁ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ አባት አይተው ስቀው፣ «ሁለቱም ይበዛል፣ ባንዱ ጀምሪ» አሉኝ።

ሁለት፦ ነግህ ከስልክ በፊት

ስልኩን ሳሎን አሳድሩት። ማንቂያ ካስፈለጋችሁ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ይህ መንፈሳዊ ምክር አይመስልም፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ የለም።

አማትባችሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ፣ ጊዜ ካለ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አንብቡ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱም ቀን ተከፍሎ የተቀመጠ ስለሆነ የቀኑን ብቻ ነው የምታነቡት። የሰኞውን ልብ በሉልኝ። «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ብሎ ይጀምራል፤ ልቡ ያዘነና የተከዘ አዳምን ነጻ ሊያወጣው ጌታ ወደደ ማለት ነው። ለዓመታት በቃሌ ስለው ኖሬ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወር መዝጊያ ሒሳብ ተከምሮብኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ጌታ የወደደው የተደሰተውን አዳም አይደለም፤ ቁልቁል የሚያየውን ነው። ሰኞን ማን ለዚህ እንደመረጠው አላውቅም፣ መርጦታል ግን።

ሦስት፦ አፋችሁ የሚለውን ስሙ

እግዚአብሔርን በዕለት ኑሮ ውስጥ ለማግኘት አማርኛ ለሚናገር ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቋንቋው ራሱ ሞልቶታል። ችግሩ ጆሯችን መለመዱ ነው።

«እንዴት አደርሽ?» እንባባላለን። ጥያቄው ሌሊቱን መሻገር ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ እንዴት እንዳደርኩ ሳይሆን ማን እንዳሳደረኝ። ያነጠሰን «ይማርህ» እንለዋለን፣ እሱም «ያኑርህ» ይለናል። የወለደችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ውለታ የዋለልንን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ይህን የመጨረሻውን ቀስ ብላችሁ በሉት። እኔ ልከፍልህ አልችልም፣ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥህ ነው የሚለው። በየቀኑ ለባለ ሱቁ፣ ለጥበቃው፣ መንገድ ለለቀቀልን ሹፌር ይህን የሚያህል ነገር እየተናገርን እናልፋለን።

ልምምዱ ቀላል ነው። ለአንድ ሳምንት ከእነዚህ ቃላት አንዱን ብቻ ምረጡ። በተናገራችሁት ቁጥር የአንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩና የምትሉትን ማለታችሁን አረጋግጡ። እኔ በ«እግዜር ይስጥልኝ» ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ደንግጬ ቆምኩ። ለካ የኔ ቢጤ እጁን ሲዘረጋልኝም ያንኑ ነው የምለው። «እግዜር ይስጥህ» ብዬ አልፈዋለሁ። ማመስገኛውም መሸኛውም አንድ ቃል። ያዕቆብ በመልእክቱ ለተራበ ሰው «በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡም» ብሎ ምንም የማይሰጥን ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቀው (ያዕ 2፥16) እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ በኮቴ ቀኝ ኪስ ዝርዝር ብር እይዛለሁ። ሁልጊዜ እሰጣለሁ ማለቴ አይደለም፤ ኪሱ ባዶ ሲሆን ግን ቃሉ አፌ ላይ ይከብደኛል። መክበዱ ደግሞ ደግ ነው።

አራት፦ መንገዱን ተሳለሙት

ከመገናኛ ወደ ስታዲየም የሚሄደው ታክሲ ሃያ ሁለትን አልፎ ኡራኤል ጋ ሲደርስ ውስጡ ያለውን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌው ቆባቸውን ያነሣሉ። ሙዚቃ የምትሰማው ልጅ ኤርፎኗን ሳታወልቅ ታማትባለች። ሹፌሩ ማርሹን ለቆ ግንባሩን ይነካል። ረዳቱ ብር እየቆጠረ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሁለት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ «ወራጅ አለ!» ይባላል። እስጢፋኖስ ጋ ሲደርስ ደግሞ እንደገና።

ይህን ልማድ አዲስ ማድረግ የሚቻለው አንድ ነገር በመጨመር ነው። ስታማትቡ ራሳችሁን ብቻ ሳይሆን ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው አስቡ፤ «ይህን ሰው በሰላም አውለው» በሉ። አታውቁትም፤ አያውቃችሁም። እኔ ይህን ከጀመርኩ ጀምሮ በታክሲ ውስጥ የምጣላው ቀንሷል፤ ጨርሶ ቀርቷል ብል ግን ውሸት ነው።

መቁጠሪያ ማውጣት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በጣት አንጓ መቁጠር ይቻላል። 41ዱ ከአንድ መብራት እስከሚቀጥለው ያልቃል።

አምስት፦ ሦስት ሰዓትና ስድስት ሰዓት

እዚህ ብዙ አልቆይም። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ እኔ «መንፈስህን አትውሰድብኝ» እላለሁ (መዝ 50)፤ ከዚያ ሻዬን እጠጣለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲደርስ የምትራቡ ከሆነ አትፈሩ። ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ሰገነት ላይ ወጣና በጣም ራበው ይላል (ሐዋ 10፥9-10)። ምግቡ እየተዘጋጀ ሳለ ነው ያን ታላቅ ራእይ ያየው። ሐዋርያው በባዶ ሆድ ሲጸልይ ሐሳቡ ወጥ ቤት ከሄደ፣ የእኛም ቢሄድ ምን ይገርማል።

ስድስት፦ እርሾ

ይህ ለሳምንት መጨረሻ ነው፤ ለእኔ የሁሉም ልብ ያለው እዚህ ነው። ዘንድሮ ብዙዎቻችን እንጀራ ከሱቅ ነው የምንገዛው፤ እኔም እገዛለሁ። በወር አንዴ ግን ራሴ አቦካለሁ።

እርሾ አይገዛም። ከእናት ወይም ከጎረቤት ይለመናል። የእኔ እርሾ ቤት ስይዝ እናቴ በቡና ማሰሮ ያህል ጣሳ ያመጣችልኝ ነው፤ እሷም ከአያቴ ነው የተቀበለችው። ዱቄቱን ታቦኩታላችሁ፣ እርሾውን ትጨምራላችሁ፣ ትከድኑታላችሁ። ከዚያ የሚሠራ ነገር የለም። ሁለት ሦስት ቀን ትጠብቃላችሁ። ላዩ ላይ ያቆረውን ውሃ ትደፉታላችሁ፤ ከሊጡ ጥቂት ወስዳችሁ በፈላ ውሃ አብስላችሁ አብሲት ትጥላላችሁ፤ ኩፍ ይላል። ክዳኑን ስታነሡ ሽታው ፊታችሁን ይመታዋል። ምጣዱ ላይ ስታዞሩት ዐይን ማውጣት ይጀምራል፤ አንድ፣ ሦስት፣ መቶ።

ጌታ መንግሥተ ሰማያትን ከእርሾ ጋር ያመሳሰለበት ቦታ ይህ ነው፤ ሁሉ እስኪቦካ ድረስ አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ «የሸሸገችው» እርሾ (ማቴ 13፥33)። ሸሸገች ነው የሚለው፤ አፍስሳ አሳየች አይልም። በሥራ ላይ ያለው የእግዚአብሔር ፍቅር ለረጅም ጊዜ ምንም የሆነ አይመስልም። ክዳኑን በየሰዓቱ የሚከፍት ሰው ሊጡን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያፋጥነውም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ስታቦኩ አንድ ያስጨነቃችሁን ጉዳይ ወይም አንድ ሰው በስሙ ጥሩ፤ ስትከድኑ እዚያው ተዉት። እስኪቦካ ድረስ ስለዚያ ነገር ደግማችሁ አትለምኑ፤ «አንተ ጋ ነው» ብቻ በሉ። መሶቡ ሲቀርብ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን ስትደግሙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ላይ ቁሙ። አማርኛው የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን ነው። እንጀራዬን አይልም። ከዚያ ከጎናችሁ ያለውን ሰው አጉርሱ።

እህቴ ይህን ስነግራት «እቴቴ፣ እኔ እዚህ ማቦካው የሰው ዳቦ ነው» አለችኝ። ቢሆንም ሞክሪው አልኳት። ስትጠፈጥፍ የቤቱን ልጆች በስም እየጠራች ጀመረች። መጀመሪያ እያረረች፣ በኋላ ግን ሳያርራት።

ሰባት፦ ዘጠኝ ሰዓት፣ የደከመው ሰዓት

ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ መልአክ ያየው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የተባለውም ጸሎትህና ምጽዋትህ ለመታሰቢያ ዐረገ ነው (ሐዋ 10፥3-4)። ጸሎትና ምጽዋት አብረው ነው የተጠሩት።

ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ይህ ሰዓት ይከብዳችኋል፤ ሆድ ይጮኻል፣ ቁጣ ይቀርባል። ያን ጊዜ ለአንድ ሰው ደውሉ። ረዥም ወሬ አይደለም፤ የታመመ ዘመድ፣ ወይም ለቅሶ ቤቱ ሰው ሁሉ ሄዶ ባዶ የቀረበት ጎረቤት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ድንኳኑ ሲነሣ ማንም አይደውልም፤ ስለዚህ እናንተ ደውሉ። ለምሳ ያላወጣችሁትን ገንዘብም ለተራበ አድርጉት፤ ካልሆነ ጾሙ ቁጠባ ሆኖ ይቀራል።

ባዶ ቀን ሲመጣ

ይመጣል። ሁሉንም አድርጋችሁ ምንም የማይሰማችሁ ሳምንት ይኖራል። በዚህ ጊዜ ጸሎት መጨመር ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም።

ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር (መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 19)። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፣ ትምህርትም አልሰጠውም። መጀመሪያ ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰውና ብላ አለው፤ በራስጌው እንጎቻና ማሰሮ ውሃ ነበር። በልቶ ደግሞ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እንጎቻ ማለት እኮ በእኛ ቤት ከሊጡ ጥራጊ ለሕፃን ልጅ የምትጋገረው ትንሿ ናት። ነቢዩን እንደ ልጅ ነው ያበላው።

ስለዚህ ባዶ ቀን ላይ ብሉ፣ ተኙ፣ የጸሎቱን ልክ አንድ ጊዜ አማትቦ ወደ መተኛት ዝቅ አድርጉት። ባዶነቱ ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጠበሉም ይቀጥላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ስምንት፦ ሠርክና ንዋም

ማታ ወጡ እስኪበስል ዕጣን ጣል የምታደርጉ ከሆነ ያንኑ ጊዜ ውሰዱት፤ ዳዊት «ጸሎቴ በፊትህ እንደ ዕጣን ትሁን» ያለው ስለ ሠርክ ነው (መዝ 140፥2)።

ስትተኙ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስታውሱት፤ ከአልጋው ወደ እራት፣ ከእራት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ። ሰው በደግ ያየኝ የት ላይ ነው? እኔስ ሰው ያሳዘንኩት? ለአንደኛው ምስጋና፣ ለሁለተኛው ይቅርታ። አብዛኛውን ጊዜ ምሳ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። የንስሐ አባቴን «ሳልጨርስ እተኛለሁ» ስላቸው «ልጅ አባቱ ጭን ላይ ቢተኛ አባቱ ይቆጣል?» አሉኝ።

ዘጠኝ፦ መንፈቀ ሌሊት

ለዚህ ሰዓት ማንቂያ አትሙሉ፤ መነኩሴ አይደላችሁም፣ ነገ ሥራ አለ። ግን ሌሊት በራሳችሁ ከነቃችሁ፣ ሕፃን ካነቃችሁ፣ ሐሳብ ካነቃችሁ፣ ስልኩን አታንሡ። ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተይዞ ወኅኒ ውስጥ የዘመሩት በመንፈቀ ሌሊት ነው (ሐዋ 16፥25)፤ እስረኞቹም ያደምጧቸው ነበር። በጨለማው አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያ ተመልሶ መተኛት።

እህቴ ከሰባቱ የመረጠችው ይህን ነው፤ የሕፃኑ ጡጦ ሰዓት ስለሆነ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስነሣ ሌሊት 6 ሰዓት ከ12 የላከችው ድምፅ ሳሎን ባለው ስልኬ ላይ ጠበቀኝ። ከበስተኋላ ውሃ ሲፈላ ይሰማል። በሹክሹክታ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ጀመረች፤ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስትደርስ ሕፃኑ አለቀሰ፣ ድምፁም ተቆረጠ።

የቀረውን ምጣዱ አጠገብ ቆሜ ጨረስኩላት።